የቀረፋው ጋቢ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከጅማ ያመጡትን የቀረፋ ችግኝ አሰላ ላይ የተከሉ ሰው ናቸው። «ውርጭ ይገድለዋል» ያላላቸው ጎረቤት የለም። ኅዳር ሲገባ፣ አመሻሽ ላይ ጋቢያቸውን ለዛፉ አልብሰው ራሳቸው በስስ ኮት መስጊድ ይሄዱ ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎስ አይበርድዎትም?» ሲሏቸው፣ «እኔ የአሰላ ልጅ ነኝ፤ እንግዳው እሱ ነው» ይላሉ።

አሁን በመስጊዱ መንገድ በኮት ብቻ የሚያልፍ የለም።

ትናንት ልብሳቸውን ለሰደቃ ስንለይ እህቴ ጋቢውን አነሳች። «እሱ ባለቤት አለው» አልኳት።

«ዛፍ ደግሞ ጋቢ ይለብሳል እንዴ? እሳቸው ከሌሉ መድረቁ አይቀር።»

የራሴን አዲስ ጋቢ ከሰደቃው ልብስ ጋር አኖርኩና የእሳቸውን ወስጄ ዛፉ ላይ ጠመጠምኩት። ውርጩም ይምጣ፣ ጎረቤትም ይሳቅ፤ እንግዳችን ዘንድሮም አይበርደውም።