ብርቅነሽ ያቃጠለቻቸው እንስራዎች

ብርቅነሽ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ደብቃ ነው ዓረብ አገር፣ ስዌይሃን በረሃ ያለ የግመል እርሻ ለሥራ የገባችው። አገር ቤት እናቷም አያቷም ጭቃ ሲያቦኩ ያረጁ ናቸው፤ የልፋታቸው ዋጋ ደግሞ ቡዳ መባል ነው። ድስትሽን ይገዛሉ፣ ወጣቸውን ይሠሩበታል፣ ልጃቸውን ግን ከአንቺ ይሸሽጋሉ። እኔ ዘሂራ፣ የወሎ ልጅ፣ በዚሁ እርሻ ወጥ ቤት የምሠራ፣ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ያጋለጣት የገዛ አፏ ነው። የእርሻው ጌታ እናት፣ አሮጊቷ ኡሙ ራሺድ፣ ልጅ ሆነው አል ዐይን ከተማ ከሸክላ ይጠጡት የነበረውን ውሃ እያነሱ የፍሪጅ ውሃ ሲያማርሩ፣ “እኔ እሠራልዎታለሁ” አለች ብርቅነሽ በሰባራ አረብኛዋ።

“ምነው ምላስሽን በነከስሽ!” አልኳት።

“ዘሂራ፣ እጄ ጭቃ ናፈቀው” አለችኝ።

ጭቃው ከአል ዐይን በጆንያ መጣላት። እሳት እንዲችል አሮጌ ገል ፈጭታ ቀየጠችበትና አራት እንስራ ሠራች። ይህን ጊዜ የእርሻው ዘበኛ ፍስሐ አወቀ። የአገሯ ልጅ ነው፤ ጭቃውን ሲያይ ወገኗን ለየ። በዚያው ሰሞን ሆዱን ቆረጠው። የከረመ ዶሮ መብላቱን እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን “ዓይኗ ነው የበላኝ” እያለ ያወራ ጀመር።

እሳቱ የተለኮሰው ጎህ ሲቀድ ነበር። ብርቅነሽ እንስራዎቹን ደፍታ ደረደረች፤ በግመል በጠጥና በደረቀ የተምር ዝንጣፊ ሸፈነቻቸው። ነፋስ ባንድ ጎን ከገባ እንስራው ስለሚሰነጠቅ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠረች። እህል አልቀመሰችም። ከእሳቱ ውስጥ አንድ ነገር በጮኸ ቁጥር “ዝንጣፊው ነው፣ እንስራው አይደለም” እያለች ራሷን ታጽናናለች። እኔም አብሬያት መጨነቅ ጀመርኩ።

ፍስሐ አካፋ ይዞ መጣ።

“በላሽኝ! አሁኑኑ እትፍ በይብኝ!”

በእኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው ራሷ የበላችው ስትተፋበት ነው ይባላል።

“አልተፋም” አለች ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል። “ከተፋሁብህ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው።”

በአካፋው ጀርባ ግንባሯን መታት። ወደቀች። ቆርቆሮውን ረግጦ ጣለ፤ ነፋሱ ገባ፤ እሳቱ ተጋደመ። በአካፋው ክምሩን ደጋግሞ ቀጠቀጠው፤ ሁለቱ እንስራዎች ሲደቁ ሰማሁ። ይህም አልበቃውም፤ የፍየሎቹን ውሃ በባልዲ አንስቶ ደፋበት። የጋለው ሦስተኛው እንስራ ፈነዳና ገሉ ተስፈንጥሮ ጉንጩን ተረተረው። ፊቱን ይዞ ሲጮህ ከወጥ ቤት ይዤው የወጣሁትን ዘነዘና አንስቼ ትከሻው ላይ አወረድኩበት። አልጸጸትም፤ ቢደገምም እደግመዋለሁ።

ብርቅነሽ እኛን አላየችም። ደሟን እያዘራች ተነሳችና የጋለውን ቆርቆሮ በባዶ እጇ አንስታ በተረፈው እሳት በኩል አቆመችው። የመዳፏ ቆዳ ቆርቆሮው ላይ ቀረ። እሳቱ ራሱ እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀችም።

ከሰዓት በኋላ አመዱን ገለጥን። ሦስቱ ገል ሆነዋል። አራተኛው አንድ ጎኑ ጠቁሯል እንጂ ሙሉ ነው። በጣቷ አንጓ መታ መታ አደረገችው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ፊቷ ላይ ደም እንደደረቀ እልልታዋን አቀለጠችው። ግመሎቹ ሳይቀሩ ዞረው አዩን። እኔም እያለቀስኩ አገዝኳት።

ኡሙ ራሺድ እልልታውን ሰምተው መጡ፤ ደሙን አዩ።

“ማነው?” አሉ።

ፍስሐን አሳየኋቸው። ፖሊስ ይጠራ አሉ። ይህን ጊዜ ፍስሐ ብርቅነሽ እግር ላይ ተደፋ። ምሕረት የሚለምን መስሎኝ ነበር።

“ስለ ማርያም! እትፍ በይብኝ!”

ፖሊሱን አልፈራ፣ አሠሪውን ካፊሉን አልፈራ!

“ምን ይላል?” አሉኝ ኡሙ ራሺድ።

“ምራቋን ይፈልጋል” አልኳቸው በአረብኛ፣ እያፈርኩ።

“ንገሪያቸው” አለች ብርቅነሽ። “ምራቄን አልሰጠውም። ፖሊስም ይቅር። ከእንስራዬ ግን ይጠጣ።”

አሮጊቷ እንስራውን ውሃ አስሞሉና በጣሳ ቀድተው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ። ጭስ ጭስ ሳይል አይቀርም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው ጠጡ። ከዚያ ጣሳውን ለፍስሐ ሰጡት።

“ጠጣ! አለዚያ ኸላስ፣ ፖሊስ ነው!”

አማትቦ ጠጣው። ውሃው ከጉንጩ ደም ጋር ተቀላቅሎ በአገጩ ወረደ።

“ሞትክ?” አለችው ብርቅነሽ።

ሆዱን ዳሰሰ። “ገና ነው” አላት።

ጆንያ ወረወረችለት። “እንግዲያው እስክትሞት ድረስ ገሉን ልቀም።”