የእትዬ እንቁ ጣት

ዳንግላ ውስጥ እትዬ እንቁን የማያውቅ የለም ብል ማጋነን ይሆንብኛል። በኛ ሰፈር ግን የሳቸው ጣት ያልገባበት የሕፃን አፍ የለም። ሙያቸው ስፌት ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሰፌድና መሶብ ሲሰፉ ይውላሉ። ልጅ ያዘለች ሴት ስታልፍ ካዩ ወስፌያቸውን ያስቀምጡና እጃቸውን በሳሙና ታጥበው «እስቲ ይህን ጌታ አምጪው» ይላሉ። የታችኛውን ድድ ቀስ አድርገው ይዳስሱና «አሥራ አምስት ቀን ቢቀረው ነው» ወይም «ገና ነው፣ አትቸኩዪ» ብለው ይመልሱታል።

እኔ ማናየሽ፣ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊዋ፣ ምላሴ አያርፍም። «እትዬ፣ ጥርስ ነው ወይስ ሎተሪ የሚያወጡት?» እላቸው ነበር። «ዝም በይ አንቺ ለፍላፊ! ወልደሽ ታይዋለሽ» ይሉኛል።

ወለድኩ። አየሁትም። በ2007 ዓ.ም. ልጄ አየነው አራት ወር ሲያልፈው ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። ደረቱን ባደርቅለት ባደርቅለት መልሶ ይርሳል። ጡጫውን ሙሉውን አፉ ውስጥ ካልከተትኩ ይላል፤ ጆሮውን ይጎትታል፤ ጡት ስሰጠው በዚያ ጥርስ በሌለው ድዱ ጨምድዶ ይይዘኝና መልሶ እሱው ያለቅሳል። ታመመብኝ ብዬ እየሮጥኩ እትዬ እንቁ ዘንድ ሄድኩ።

ዳሰሱትና ሳቁ። «ምን ሆነ ብለሽ ነው? ጥርሱ ከሥር እየገፋ ነው፤ ድዱን ያሳክከዋል። ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ አበጥ ብሏል። ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ንከሪና እሱን ያኝክበት። አገጩን አድርቂለት፣ እንዳይቆስል።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «አንድ ነገር ግን ያዢልኝ። ገላው እንደ ምጣድ ከጋለ ወይም ሆዱ ከሄደ፣ ጥርስ ነው የሚልሽን እንዳትሰሚ። ቀጥ ብለሽ ጤና ጣቢያ!»

ለምን ፊታቸው እንደጠቆረ ያኔ አልገባኝም።

አየነው ስድስት ወር ሲሞላው አማቴ እማማ በቀለች ከግምጃ ቤት ከተማ መጡ። ደግ ናቸው፤ ልጁንም ከኔ ይበልጥ ይሳሱለታል። የመጡ ሰሞን ግን ልጁ ተቅማጥ ያዘው። ምን ይደንቃል? ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው፤ የክር ማጠንጠኛዬንም፣ የአባቱን ጫማም። አማቴ አፉን ከፍተው አዩና ደረታቸውን መቱ። ላይኛው ድዱ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ነጣ ነጣ ያለ እብጠት አለ።

«ይኸው! የወተት ጥርስ ነው። ትል ይዞታል። ካልተነቀለ ልጁን ይዞት ይሄዳል!»

የወተት ጥርስ ማስነቀል ምን እንደሆነ ሰምቼ አውቃለሁ። ድዱን በወስፌ ይፈለፍሉና ነጭ ነገር አውጥተው «ትሉ ይኸው» ብለው ያሳያሉ። «እማማ፣ ምን ቆርጦኝ! ልጄን ማንም ወስፌ አያስነካብኝም፤ ጤና ጣቢያ ነው የምወስደው» አልኩ።

«ባልሽ በምን የዳነ ይመስልሻል? እሱንም በዚሁ ነው ያዳንኩት።»

ባሌ ሽባባው በናቱና በሚስቱ መካከል ሲሆን አንድ መፍትሔ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ባጃጁን አስነሥቶ እብስ! በዚያም ቀን እንደዚያው አደረገ። ተናደድኩበት። ወንድ ሆኖ አንድ ቃል ይተንፍስ እንጂ!

አማቴ ልጁን አዘሉት። «ያኔ ለሽባባው የነቀለችለት ሴት ዳንግላ ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እንቁ ትባላለች። እጇ ወርቅ ነው።»

የኛዋ እትዬ እንቁ? የልብስ መለኪያ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ተከተልኳቸው።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፣ ተቃቀፉ፣ በአዊኛ ብዙ ተባባሉ። ከዚያ አማቴ ልጁን ከጀርባቸው አውርደው እትዬ እንቁ ጭን ላይ አስቀመጡት። «እንደ አባቱ አድኚልኝ።»

ወስፌው እጃቸው ላይ ነበር። እኔ ጮህኩ። «እትዬ፣ ልጄን በዚህ ከነኩብኝ አንለያይም!»

«ዝም በይ፣ ማናየሽ።» ወስፌውን ሰፌዱ ላይ ሰክተው ወደ ኋላቸው ገፉት። የልጁን ሆድ ቆንጠጥ አድርገው ለቀቁት፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። እርግብግቢቱን ዳሰሱ። «ወደ ውስጥ ገብቷል። ውኃ አልቆበታል እንጂ ጥርስ አይደለም። በይ ባልሽን ጥሪው፤ ባጃጁን ይዞ ይምጣ። ፈጠን በይ!»

ደወልኩ፤ መጣ። ሽባባው ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ሁሌም እንደዚያ ነው። እኔ «ሳቁን የሚሰስት» እያልኩ አሾፍበታለሁ፤ ልጅ ሆኖ ወድቆ ጥርሱን የጎዳው ነበር የሚመስለኝ።

«ልጄ፣ አፍህን ክፈት» አሉት እትዬ እንቁ። ግራ ገብቶት ከፈተ። በአንድ በኩል የክራንቻው ቦታ ባዶ ነው፤ በሌላው በኩል የጠመመች ቡናማ ስባሪ ናት ያለችው።

«በቀለች፣ ያን ቀን ትል ነው ብዬ ያሳየሁሽ ትል አልነበረም። ጥርሱ ነበር፤ ገና ያልጠነከረ ጥርሱ፤ ኋላ የሚተካውንም አብሬ ጎዳሁበት። እናቴ እንዳስተማረችኝ ነበር የምሠራው። ኋላ አንዲት የጤና ባለሙያ አስረዳችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ወስፌ ከሣር ሌላ ነክቶ አያውቅም።»

«ዳነ እኮ!» አሉ አማቴ፣ ድምፃቸው አንሶ።

«የዳነው በእግዜር ቸርነት ነው። በኔ እጅ ያልዳኑም አሉ፣ በቀለች።» ሕፃኑን ከጭናቸው አውርደው አጠገባቸው አስተኙት። «የኛ ነገር የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ሆዱ ያጠፋውን ድዱ ይክፈል!» ተነሥተው የሽባባውን ጉልበት ሊይዙ ጎንበስ አሉ። «ይቅር በለኝ ልጄ።»

ሽባባው ደንግጦ አነሣቸው። «ኧረ እትዬ! ይቅር ለእግዚአብሔር።» እኔ ቅድም የተናደድኩበትን ሰውዬ ያን ጊዜ እንዴት እንደወደድኩት!

አማቴ የልጃቸውን አገጭ ይዘው አፉን ደጋግመው አዩት። ሠላሳ ዓመት ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ያን ቀን ገና ያዩት ይመስላል። ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው የልጅ ልጃቸውን አነሡ። «በል፣ ምን ትገተራለህ? ባጃጅህን አስነሣ! ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ!»

በውኃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስና ዚንክ ሰጡን፤ ጡቱንም እንዳላቋርጥበት ነገሩን። ያን የተበጠበጠ ውኃ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠጡት አማቴ ናቸው፤ ለኔ እንኳ አልሰጡኝም። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ቆመ፤ አየነውም ጫማ ፍለጋውን ጀመረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁላችንም እትዬ እንቁ ደጃፍ ነበርን። እንደ ልማዳቸው ታጠቡ፣ ጣታቸውን ወደ ታችኛው ድድ ሰደዱ፣ ወዲያው «ወይኔ!» ብለው መነጨቁት።

«ምነው?» አልን።

«ነከሰኝ!»

ማንኪያ አምጥቼ ድዱን ነካ ባደርግ ቂው አለ። እማማ በቀለች እልል አሉ። ሽባባው ከባጃጁ ላይ ሆኖ ከት ብሎ ሳቀ፤ እጁ ወደ አፉ አልሄደም።

እትዬ እንቁ ጣታቸውን አዩት። ጫፉ ላይ ትንሽ ምልክት ቀርታለች። እንባቸው ኮለል አለ።

«እሰይ የኔ ጌታ! ያባትህንም ጨምረህ ንከሰኝ» አሉና ጣታቸውን መልሰው ከተቱለት።