የትዕዛዝ ድምፅ በገና ዋዜማ

ሶዶ ገበያ ቅቤ ተራ ውስጥ ትዕዛዝን የሚያውቃት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያወቃት በድምፅዋ ነው። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤዋን ዘርግታ ስትጣራ እህል ተራ ያለው ሰው ሳይቀር ዞር ብሎ ያያል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነበረች። በገና ዋዜማ ፕሮግራም ላይ በወላይትኛ የሚዘመረውን የልደት መዝሙር ከወጣትነቷ ጀምሮ የምታነሣው እሷ ናት። ወጣቶቹ ኪቦርድና ማይክ ይዘው ቢመጡም ያቺን አንዲት መዝሙር ማንም አይነካባትም። እሷ ታነሣለች፣ ምእመኑ ይቀበላል።

እንቅርት የወጣባት ልጆች ሳትወልድ ነው። እያደገ ሲመጣ በሻርፕ ትሸፍነው ጀመር። ባለፈው ዓመት ግን እህል አላስወርድ አላት፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ባለቤቷ ኤልሳዕ አናጢ ነው፤ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። አንድ ጠዋት መጋዙን አስቀመጠና፣ “ወይ በእግርሽ ትሄጃለሽ፣ ወይ ተሸክሜሽ እሄዳለሁ” አላት። ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሙ ከመጀመሪያውኑ ምንም አልደበቃትም። “እንቅርቱ ያለው የድምፅሽ ነርቭ አጠገብ ነው። ስናወጣው ነርቩ ሊጎዳና ድምፅሽ ሊጠፋ ይችላል። አብዛኛው ሰው ግን ቆይቶ ይመለስለታል።”

በኅዳር ወር ቀዶ ጥገናው ተሠራ። ስትነቃ እንቅርቱ የለም። ድምፅዋም የለም። የምትናገረው ሁሉ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ይወጣል።

ትንሽ ጠብቂ ተባለች፤ ጠበቀች። ገበያ ሄዳ ተቀመጠች፤ መጣራት ስላልቻለች ደንበኛው እያለፋት ወደ ሌላው ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ቀረች። እሑድ ሲመጣም ራሴን አመመኝ ማለት አመጣች። ሰው ሲዘምር ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች መቆም አልቻለችም። “አብዛኛው ሰው” ያላትን የሐኪሙን ቃል እያሰበች፣ እኔ ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ብሆንስ ትል ነበር።

የመዘምራኑ ኃላፊ ዮሴፍ ሊጠይቃት መጣ። “እህት ትዕዛዝ፣ ለመዘመር ሳይሆን ለመቀመጥ ነይ። መዝሙሯን ቤዚ ታንሣት ብለናል፤ ታውቂያታለሽ፣ ባንክ የምትሠራዋ ልጅ። ከከፋሽ እንተወዋለን።” ትዕዛዝ እጇን አወዛወዘች፤ ታንሣት ማለቷ ነው። እንደወጣ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ታኅሣሥ ገፋ። ቤቱ ለበዓል አልተሰናዳም። ሌላ ጊዜ ይህን ሰሞን ዳጣው ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ግቢው ታጥቦ ያልቅ ነበር። ኤልሳዕ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ እንደገባ እንኳ ሊነግራት ፈራ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እትዬ ሳህሊቱ መጡ። አባታቸው በሹመት ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ሶዶ ተወልደው እዚሁ አርጅተዋል። ጾሙን ጨርሰው ለዶሮ ወጣቸው የሚሆን ቅቤ የሚገዙት ከትዕዛዝ ነው። ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል።

“አንቺ! ገበያ ብፈልግሽ የለሽም። ዶሮውን በዘይት ልሥራው እንዴ?”

ትዕዛዝ ወደ አንገቷ አመለከተች። “ድምፄ ጠፍቷል፣ እትዬ” አለች በሹክሹክታ።

“ምን?”

ጠጋ ብላ ደገመችላቸው። “ድምፄ! ድምፄ ጠፍቷል!”

“ድመትሽ ጠፋች?” እትዬ ሳህሊቱ ከልብ አዘኑ። “ውይ! ታዲያ ለድመት ብለሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ተዪው ትመጣለች። የበዓል ሥጋ ሲሸታት የት አባቷ ትቀራለች!”

ትዕዛዝ ላስረዳቸው ብላ አፏን ከፈተች፤ ግን ሳቅ ቀደማት። መጀመሪያ ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከደረቷ ሥር ወፍራም፣ ሻካራ ነገር ወጣ። ደንግጣ አቆመች።

“እንዲህ ነዋ!” አሉ እትዬ ሳህሊቱ። “መጀመሪያውኑ ጮክ ብትዪ እሰማሽ አልነበር?”

ግቢ ውስጥ የኤልሳዕ መዶሻ ቆመ። እንጨቱን እንደያዘ በሩ ላይ መጣ። “ማን ነው የሳቀው?”

ትዕዛዝ ለመሞከር ፈራች። “እኔ” አለች። ተሰነጣጥቆ ወጣ፤ ግን ድምፅ ነበር። “እኔ ነኝ።”

ኤልሳዕ እንጨቱን መሬት ላይ ጣለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ሳህሊቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። “ምን ሆናችሁ? ድመቷ ሞታ ነው?”

ነገሩን ለማስረዳት ኤልሳዕ ጆሯቸው ሥር መጮህ ነበረበት። ሲገባቸው መሬቱን ስመው እልል አሉ፤ እልልታቸውን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቅቤያቸውንም ትዕዛዝ ጨምራ ሰጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተተረማመሰ። ቃሪያው ይምጣ፣ ዝንጅብሉ ይላጥ፣ ለበዓሉ ምግብ ለሙቿ የሚሆን ቆጮ ከየት ይገኝ። ኤልሳዕም ይሄኔ ቅርጫውን ተናዘዘ፤ ያሳለፈውን ዝምታ ሁሉ ሊያካክስ ይመስል ሲያወራ ቆየ።

ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዮሴፍ ሲያያት ማይኩን ይዞ ሊመጣ ተነሣ። ራሷን ነቀነቀች። “ቤዚ ታንሣ። እኔ እቀበላለሁ።”

ቤዚ ፈርታለች፤ መዝሙሯንም ከፍ አድርጋ ጀመረቻት። ትዕዛዝ የድሮው ከፍታ ላይ ልትደርስ ሞከረችና አቃታት። ዝቅ አለች፤ ከወንዶቹ ጋር እኩል ሆነች፤ እዚያ ድምፅዋ ሳይቆራረጥ ወጣላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስታነሣ ኖራ መቀበል ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ግራና ቀኝ ያለው ሰው ድምፅ ተሸክሟት ሄደ። ቤዚ ከመድረክ ላይ በዓይኗ ስትፈልጋት አገኘቻትና ጎልብታ ቀጠለች።

በገና ጠዋት ሰው ሁሉ በሙቿው ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ ሁምቦ ያለች ታላቅ እህቷ ታንጉት ደወለች። ሰሞኑን የምትደውለው ለኤልሳዕ ነበር። ስልኩን ትዕዛዝ አነሣችው።

“ሳሮ! እንኳን አደረሰሽ” አለች።

ታንጉት ግራ ገባት። “ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ኤልሳዕን ነበር የፈለግሁት።”

“ወንድምሽ አይደለሁም” አለች ትዕዛዝ አፏ ውስጥ ያለውን እየዋጠች፤ “ሥጋው ሳያልቅ ነይ።”