ከቤትህ አንድ ሰው አምጣ

አስጎብኚ ለመሆን የተፈተንኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ ቶሮንቶ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሆቴል አንሶላ አጥቤያለሁ። ስለ አንሶላው ክፉ አልናገርም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል። ነገር ግን የታሪክ መምህር ሦስት ዓመት አፉን ዘግቶ ሲከርም ምን እንደሚሆን የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። እራት ላይ ለባለቤቴ ስለ ነገሥታት መተረክ ጀምሬ ነበር። እሷም፣ “ወይ ተማሪ ፈልግ፣ ወይ ዝም ብለህ ብላ” ብላኛለች።

ስለዚህ በፈረንጆቹ 2009 ገደማ ፓርክዴል ሰፈር ባለው ቤተ መጻሕፍት ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ሳይ ልቤ ዘለለ። ለጥንቱ ወደብ የጥቁሮች ታሪክ ጉብኝት አስጎብኚ ይፈለጋል ይላል። ቶሮንቶ ትልቅ ከተማ ከመሆኗ በፊት እንግሊዞች የቆረቆሯት ትንሽ የሐይቅ ወደብ ነበረች። ጉብኝቱ በዚያች ወደብ የኖሩትን ጥቁሮች ታሪክ እየተከተለ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር የሚደረግ ነው። ብሉር ጎዳና ላይ ምሳ ስንበላ ለጓደኛዬ ብነግረው ሳቀብኝ።

“ጆብ ነው ወይስ ቮለንቲር?”

“ጆብ ነው። ዊክኤንድ ብቻ።”

“እና አንተ ስለ እነሱ ታሪክ ምን አገባህ? እኛ መቼ ባሪያ ሆነን እናውቃለን!”

እውነቱን ለመናገር እኔም እንደሱ ነበር የማስበው። የፈለግኩት ሰው ፊት ቆሜ እንደገና ማስተማር ነው። ታሪኩ የማንም ይሁን የማንም፣ ግድ አልነበረኝም።

ጉብኝቱን የሚመሩት ሰባን የተሻገሩ ጥቁር ሴት ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን በመንገዱ መሐል የሚሄደውን ባቡር፣ ስትሪትካሩን፣ ያስቆማል። በመጀመሪያው ቀን፣ ሐበሻ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ “አገርዎ የት ነው?” አልኳቸው።

“እዚሁ።”

“እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊትም እዚሁ። ቅድመ አያቴ ከባርነት አምልጣ በጀልባ የወረደችው እዚሁ ወደብ ላይ ነው። አንተስ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው?”

“ሦስት ዓመቴ ነው።”

“እንግዲያው እንኳን ደህና መጣህ” አሉኝ። ጆሮዬ ድረስ አፈርኩ።

አራት ቅዳሜ ከኋላቸው እየተከተልኩ ተማርኩ። ፎቆቹ መሐል ድንገት ይቆሙና መሬቱን በጫማቸው መታ መታ አድርገው፣ “ውሃው እዚህ ድረስ ነበር” ይላሉ። ሐይቁ ዛሬ ከዚያ ራቅ ብሏል፤ ዳርቻው በአፈር እየተሞላ መንገድና ሕንፃ ሆኗል። በዚያ በቀድሞው ዳርቻ ላይ የከተማዋ ባለሥልጣን በጋዜጣ ለሽያጭ ስላወጣት ሴት ይናገራሉ። ቀጥለው ድንበር ተሻግረው መጥተው ጸጉር ስለሚያስተካክሉት፣ በፈረስ ጋሪ ሰው ስለሚያመላልሱት፣ የሰው ልብስ እያጠቡ ቤት ስለገዙት ሴቶች ይተርካሉ። ስለ አጣቢዎቹ ሲናገሩ እጄን ኪሴ ውስጥ እከት ነበር። እንዲህ የሚያስተምር ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

አንድ የማይናወጥ ደንብ ነበራቸው። በመጨረሻው ማረፊያ ላይ፣ በቀድሞው የውሃ ዳር፣ አስጎብኚው ይህ ታሪክ የነካው አንድ ሰው ከራሱ ቤተሰብ መናገር አለበት። “በየሕንፃው የተለጠፈውን የታሪክ ሰሌዳማ ማንም ያነባል” ይላሉ። “አንተ ግን ከቤትህ አንድ ሰው አምጣ።” እሳቸው ሁልጊዜ ያቺን ቅድመ አያታቸውን ያመጣሉ።

የፈተናዬ ቀን ቀናኝ። ሰዉ ሳቀ፣ ጠየቀ፣ ተከተለኝ፤ ክፍሌ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። መጨረሻው ላይ ደረቴን ነፍቼ፣ አገሬ በማንም ተገዝታ እንደማታውቅ፣ የእኛ ሰው ባርነትን ቀምሶ እንደማያውቅ ተናገርኩ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። እሳቸው አላጨበጨቡም። ሰዉ እስኪበተን ጠብቀው ጠሩኝ።

“ጥሩ መምህር ነህ። ግን አገር አመጣህ እንጂ ሰው አላመጣህም።”

“በእኛ ቤት እንደዚህ ዓይነት ሰው የለም” አልኩ፤ ደሜ ፈላ።

“በአገርህ ሰው የሚገዛ ሰው አልነበረም?”

ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ዞርኩ።

“ሁለት ሳምንት ልስጥህ። ያለዚያ ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።”

ስትሪትካር ውስጥ ተቀምጬ በሆዴ ስሰድባቸው ነበር። ምቀኛ አልኳቸው፣ አሮጊት አልኳቸው። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ስድቡ አለቀብኝ፤ ያሳደገችኝ ሴት ትዝ አለችኝ።

እስከ አሥር ዓመቴ ያደግኩት በእናቴ አባት ቤት፣ ክፍለ ሀገር ነው። እዚያ ቤት አንዲት ሴት ነበረች። በጀርባዋ ያዘለችኝ፣ ስታመም ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝ የምታነጋው እሷ ናት። የምትበላው ሁላችንም ከበላን በኋላ፣ ጓዳ ተቀምጣ ነው። የምትተኛውም እዚያው ነበር። እኛ ልጆች በራችን ላይ የቆመውን ለማኝ እንኳ አንቱ እንድንል ተገርፈን አድገናል። እሷን፣ በዕድሜ ለእናቴ ታላቅ እህት የምትሆነዋን ሴት ግን፣ አንቺ ነበር የምንላት። ማንም አልገረፈንም።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ባሪያን ነፃ ስላወጣው አዋጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። አንድም ቀን ስለ እሷ የተጻፈ ነው ብዬ አላሰብኩም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት የስልክ ካርድ ገዝቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። እናቴ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥላ ልጆቹን፣ ቀጥላ ብርዱን ትጠይቃለች። ብርዱን እስክትጨርስ ጠበቅኩና፣ “እማዬ፣ ያቺ ያዘለችኝ ሴት ለእኛ ምናችን ነበረች?” አልኳት።

“ምን ነካህ? ቤተሰብ ነበረች እንጂ።”

“ቤተሰብ ከሆነች ለምን ከእኛ ጋር አትበላም ነበር?”

ካርዱ እየተቆጠረ ነው፤ እኔም አልዘጋሁም።

“አባባ ናቸው ገዝተው ያመጧት” አለች በመጨረሻ። “ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ደግሞ ዛሬ ይህን ማንሳት ምን ይሉታል?”

ስለ ጉብኝቱና ጉብኝቱን ስለሚመሩት ሴት ደንብ ነገርኳት። ድምፅዋ ተለወጠ። “ገመናችንን ለፈረንጅ ልታወጣ? የአባቴን ስም? ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ልጄ። እባክህ።”

ሁለቱ ሳምንታት ከበዱኝ። ከተናገርኩ እናቴን አስቀይማለሁ፤ ዝም ካልኩ ሥራውን አጣለሁ፣ እስከ ጡረታ አንሶላ ነው። አልደብቅም፤ ከልጅቷ ይልቅ የራሴን ጉዳይ ያሰብኩባቸው ቀናት ይበዛሉ። አንድ ቀን ከሐበሻ መሐል ሌላ ባለታሪክ ፈጥሬ ልናገር ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ግን ጀርባዋ ላይ ያደግኩ ሰው እንዴት አድርጌ እዋሻለሁ?

በቀነ ገደቡ ቅዳሜ ነፋሱ ከሐይቁ ይመጣ ነበር። አሥር ያህል ሰዎች ከብበውኛል፤ ሴትየዋ ዳር ቆመዋል። “አያቴ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ገዝተው ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት” አልኩ። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፤ እየተሰባበረ ጨረስኩት። በዚህኛው ቅዳሜ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት ጎብኚ ስሟን ጠየቀችኝ። ቤቱ ያወጣላትን ስም አውቃለሁ፣ እናቷ ያወጣችላትን ግን አላውቅም ብዬ መለስኩላት። እዚህም ላይ ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።

ሴትየዋ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። “የሚመጣው ቅዳሜ ያንተ ነው” አሉኝ። መንገድ ላይ፣ መኪናው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ። እኚያን ሴት ሥራውን ስለሰጡኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ስለከለከሉኝ ግን ይበልጥ አመሰግናቸዋለሁ። ብሉር ያለው ጓደኛዬ ሳይቀር አንድ ቅዳሜ መጥቶ ሰማኝ፤ ሲመለስ እስከ ባቡሩ ድረስ አልቀለደም።

ያን በተናገርኩ ማግስት ለእናቴ ደውዬ፣ “ተናገርኩ፣ እማዬ። ይቅር በይኝ” አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ።

“ሰዎቹ ምን አሉ?”

“ስሟን ጠየቁኝ።”

ጤናዬንም፣ ልጆቹንም፣ ብርዱንም አልጠየቀችኝም።

“ወንድም ነበራት” አለች። “አባባ የገዙት ሁለቱን ነው። ወንድሟን ግን ወዲያው በበቅሎ ለወጡት።”

“ማን ነገረሽ?”

“እሷው ናት። ያቺን በቅሎ እኔ በልጅነቴ እቀመጣት ነበር፤ ልጓሟን ይዛ የምትስብልኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን እየሳበችኝ ነገረችኝ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ቶሎ ቶሎ ሳቢ አልኳት።”

እናቴ ስታለቅስ በስልክ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ፤ ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ “ቅዳሜ ስትቆም ይህንንም ንገራቸው” አለችኝ።