አንድ አራተኛ ሲደመር ሁለት አራተኛ፦ ስለ አዴ ጫልቱ

አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ «መምህርት ጫልቱ አረፈች» የሚል ጽሑፍ ከፎቶዋ ጋር ሳይ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ማን ፈጠረው ብዬ ነው። እዚህ ፌስቡክ ላይ እኔንም አንድ ጊዜ ቀብረውኛል።

ሦስት ሰው ጋ ደወልኩ። አንዱ ሐኪም ቤት ነው አለ፣ ሌላው ቤቷ ነው አለ፣ ሦስተኛው አልሰማሁም አለ። ወሬያቸው ስላልገጠመ ደስ አለኝ። ከዚያ ራሴ ተነስቼ ከኡኬ ወደ ቤተሰቦቿ ቤት ነቀምቴ ሄድኩ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንድሟ ደጅ ቆሟል። እውነት ነው።

ለማታውቋት፣ አዴ ጫልቱ (አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው) እዚህ ኡኬ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምር ነበር። የልጅ ልጄን ዘሃራንም አስተምራታለች። እኔ ግን አላምናትም ነበር።

ዘሃራ አንድ ቀን የቤት ሥራ ይዛ መጣች፦ አንድ አራተኛ ሲደመር ሁለት አራተኛ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉንም ቁጥሩንም ከወሎ መጥተን እዚህ ከሰፈርን በኋላ ብቻዬን ነው የለቀምኩት። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሪ አልኳት። ሦስት ስምንተኛ። በማግስቱ በቀይ ኤክስ ተደርጎበት መጣ። ሌላም ሠራን፤ እሱም ኤክስ።

ሰፋሪ ስለሆንን ነው አልኩ። ለልጅቷም በአፌ ነገርኳት፤ ይህች ሴት አትወድሽም፣ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት የለም አልኳት። አለቀሰች። ከቃሌ ግን አልተመለስኩም።

ዓርብ ዕለት ደብተሩን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። ልጆቹ ፊት ለምን እንደምታደላ ጠየቅኳት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጠመኔውን አቀበለችኝ።

«ሜ፣ እስቲ ኦቦ ሰይድ፣ እንዴት እንዳገኙት ያሳዩኝ» አለች።

አሳየኋት። ደቦ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ከአንዱ ቡድን ከአራት ሰው አንዱ ቢቀር፣ ከሌላው ከአራት ሰው ሁለቱ ቢቀሩ፣ ከስምንት ሰው ሦስት ቀረ ማለት ነው። ስቆጥር የኖርኩት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀንም ስቼ አላውቅም።

አየችውና «ትክክል ነው» አለች። ይህን ጊዜ የባሰ ጠረጠርኳት። ሽማግሌ ማባበሏ መሰለኝ።

«ግን ሙሉው የቱ ነው?» አለች። የዘወትር ቃሏ ነበር፤ ልጆቹም አብረዋት አሉት። ሰሌዳው ላይ አንድ ማሳ ሣለችና አራት ቦታ ከፈለችው። ጠዋት አንዱ ታረመ፣ ከሰዓት ሁለቱ። «ሦስቱ አልቆ አንድ ቀርቷል። እርስዎ ግን ሦስት ስምንተኛ ብለው ግማሹ እንኳ አልታረመም እያሉኝ ነው። ደቦው ይስማማል?»

ከኋላ አንዱ፣ ደቦውማ ጥሎዎት ይሄዳል ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከሦስት አራተኛ ላይ አንድ አራተኛ በእኔ መንገድ እንዲቀንሱ አዘዘቻቸው። ላይ ሁለት፣ ታች ዜሮ። ማሳው ራሱ ጠፋ።

ያኔም አላመንኩም። ቤቴ ሄጄ የበቆሎ ማሳዬን በገመድ አራት ቦታ ከፈልኩት። ቅዳሜ ለካሁ፤ እሑድ ደግሜ ለካሁ። ክፍሎቹን ብደምርም ብቀንስም ማሳው ያው በአራት የተከፈለ ማሳ ነው፤ የሚለወጠው ላዩ ብቻ ነው። ሰኞ ዘሃራ ትምህርት ቤት ሄደች። ሐሳቤን ለምን እንደቀየርኩ ግን አልነገርኳትም።

አዴ ጫልቱ፣ ላንቺም አልነገርኩሽም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታሽን በአንገቴ ብቻ ነበር የምመልስልሽ። ይህች ሴት አንድ ቀን ታወራብኛለች እያልኩ ስንት ዓመት ጠበቅሁ።

ዘሃራ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዛሬ ከለቅሶሽ ስመለስ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ፣ እሷ አላደላችብሽም አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ለካ ያኔ ሰኞ የደቦዬን ስሌት ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ፣ ሁለት ቡድን ሲቀላቀል ሙሉውም አብሮ እንደሚያድግ ለልጆቹ ሁሉ አስተምረሻል። ይህንንም አላመንኩም። የድሮ ደብተሯን አስወጣኋት። ከሰሌዳ በልጅ እጅ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲህ ይላል፦ «የዘሃራ አያት ያስተማሩን።»

የምጠራጠረው አጣሁ። ሰው ሁሉ ያንብበው፤ ተሳስቼ ነበር፣ በድዬሻለሁም። የተኛሽበት አፈር ይለስልስልሽ። በቋንቋሽ ልሰናበትሽ፦ ነጋቲ፣ አዴ ጫልቱ።