ዐሥራ አምስትን የመረጥኩበት ሳምንት

ሥራዬ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ ቶሎ እበሽቃለሁ። «ዶክተር ነሽ?» አይደለሁም። «ታዲያ ነርስ ነሽ?» እሱንም አይደለሁም። ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠው ጨረር ከየት አቅጣጫ ይግባ፣ ምን ያህል ጉልበት ይኑረው፣ መጠኑስ ስንት ይሁን የሚለውን በኮምፒውተር የማሰላ ሰው ነኝ። ይህን የምሠራው ናይሮቢ ውስጥ፣ የአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። እናቴ ማስረዳቱ ሰልችቷት «ልጄ የማሽን ነገር ነው የምትሠራው» ብላ ትገላገላለች።

በአንድ ሐምሌ፣ ናይሮቢ ሰውን በብርድ በምታኮማትርበት ወር፣ አንድ ሐበሻ አዛውንት ሐበሻ ከሚበዛበት የናይሮቢ ሰፈር ከኢስትሊ ወደኛ ተላኩ። ሰባን ያለፉ፣ ሰፊ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ናቸው። በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆኑ በሩቁ አውቃቸዋለሁ፤ እንደማንኛውም ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ እንግሊዝኛም ስዋሂሊም አይችሉም። ፕሮስቴታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቷል፤ ደግነቱ ወደ ሌላ ቦታ አልተሠራጨም። በክፍሉ አማርኛ የምችል እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ነርሷ የምታነበውን እየተረጎምኩ ፎርማቸውን እንድሞላ ተጠራሁ።

ምን ዓይነት ፎርም እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ? ያመልጥዎታል? ከባለቤትዎ ጋር ግንኙነት ማድረግ ይችላሉ? ነርሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ታነባለች፤ እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ። ጋሼ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሻሻቸውን ይፈታሉ፣ መልሰው ያስራሉ። ያቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዴት አድርጌ እንደተረጎምኳት እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን የምናውቀው።

ቀጣዩ ገጽ ረጅም ዝርዝር ነው፦ ልብ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ቀዶ ጥገና፣ በሰውነት ውስጥ የተቀበረ ብረት ወይም መሣሪያ። እያንዳንዱ ለብቻው መጠየቅ ነበረበት። እኔ ግን የፈለግኩት ከዚያ ክፍል መውጣት ነው። ሁሉንም ጠቅልዬ «ጋሼ፣ ሌላው ጤናዎስ? ደህና ነዎት አይደል?» አልኳቸው።

«ጌታ ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነኝ።»

እትዬም ከጎናቸው «ጌታ ይመስገን» አሉ።

ሐበሻ ደህና ነህ ወይ ሲባል ምን እንደሚመልስ ጠፍቶኝ ነው? አንድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖም «ይመስገን» ነው የሚለው። እያወቅኩት «የለም» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረግኩበት። ነርሷ «ዞቴ? ሁሉም?» አለችኝ፤ «ዞቴ» ብያት እግሬ አውጪኝ አልኩ።

የሲቲ ምስላቸው ሲደርሰኝ ጉልበት መምረጥ ጀመርኩ። ማሽናችን ሁለት የጨረር ጉልበት አለው፤ ስድስት እና ዐሥራ አምስት ሜጋቮልት። ፕሮስቴት ዳሌ መሀል ጥልቅ ቦታ የተቀመጠ ነገር ነው። ስድስቱ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሥጋ ሁሉ እየነካካ ይገባና መሀል ሲደርስ ይደክማል፤ ዐሥራ አምስት ላዩን ብዙም ሳይጎዳ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለቀጭን ሰው ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም። ጋሼ ግን እንዳልኳችሁ ሰፊ ናቸው። በስድስት ሞከርኩት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግራና ቀኝ ጎናቸው ብዙ ጨረር እንደሚወስድ እያሳየ ቀላ። በዐሥራ አምስት ሞከርኩት፤ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ራሴን «ጎበዝ!» አልኩት፤ ሌላ የሚለኝ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ዐሥራ አምስት ግን ጣጣ አለው። ጉልበቱ እዚያ ሲደርስ ማሽኑ ኒውትሮን የሚባል ማንም ያልጠራውን ነገር በክፍሉ ውስጥ ይረጫል። ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ደረቱ ውስጥ የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተቀበረለት ሰው ካለ፣ መሣሪያውን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ አለቃዬ፣ ጠንቃቃ ኬንያዊ ነው፣ ከመፈረሙ በፊት «ፎርሙ ንጹሕ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ንጹሕ ነው» አልኩት። ፈረመ። ሕክምናው ሰኞ ጠዋት እንዲጀመር ተቀጠረ።

እሁድ ኢስትሊ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የምንሰበሰበው በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ጋሼ ተነሡ። ማይኩን ያዙና ነገ ሕክምና እንደሚጀምሩ፣ ቢሆንም እንደማይፈሩ ተናገሩ።

«ለምን እፈራለሁ? ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ልቤ ቀጥ ብሎ ወድቄ ነበር። ጌታ በሐኪሞች እጅ እዚህች ጋ ባትሪ አስቀመጠልኝ። ልቤ ዛሬም በእሷ ነው የሚመታው!» አሉና በግራ በኩል፣ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ ሹራባቸውን መታ መታ አደረጉት።

አዳራሹ በሃሌሉያና በእልልታ ተናጋ። እኔ ኩም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሳቸው ግን ምኑን ደበቁት? ለአዳራሽ ሙሉ ሰው በማይክ እየተናገሩ ነው! ሐኪሙም የሚመረምረው ከወገብ በታች ነው፤ በዚያ ብርድ ሹራባቸውን ማን ያስወልቃቸዋል? የደበቅኩት እኔ ነኝ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ፕሮግራሙ እንዳለቀ ጭቃውን ተሻግሬ የግቢው በር ላይ ደረስኩባቸው። አፌ መቼም አያርፍም፤ ሰላም እንኳ ሳልላቸው «ጋሼ፣ ምነው ባትሪውን ሳይነግሩኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ክው አሉ። «ደህና ነዎት ወይ አልሽኝ እኮ፤ ደህና ነኛ! ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እነዚያን ዓይኖች እያየሁ ደግሜ መቆጣት አልቻልኩም። ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ነገ እኔ በመረጥኩት ጉልበት ቢታከሙ ባትሪዋ ልትዛባ ትችላለች፤ ላትዛባም ትችላለች፤ ግን ማንም ያንን ሊሞክርባቸው አይገባም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ ሕክምናው ቀረብኝ በይኛ» አሉኝ።

«አይቀርም ጋሼ። ሌላ መንገድ አለ።»

እትዬ አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። እኔም ሆዴ ባባና አብሬ አለቀስኩ።

ሁለት ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ ታክሲ፣ ቀይሬ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ኪሌሌሽዋ ስመለስ ሰይጣን አጠገቤ ተቀመጠ። ጉልበቱን ወደ ስድስት ቀይሪው፤ ማን ይጠይቅሻል? ብዙ ቦታ በስድስት ነው የሚሠራው። ፎርሙም እንዳለ ይቀመጣል፤ የሥራ ፈቃድሽም አይነካም። ነገር ግን ስድስት ኒውትሮኑን ያስቀራል እንጂ ሁሉን አይጨርስም። ባትሪዋን የልብ ሐኪም አስቀድሞ ማየት አለበት፤ ጨረሩ ሲሰጣቸውም የልብ ምታቸውን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ባትሪዋ መኖሯ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

ሰኞ ማንም ሳይቀድመኝ ቢሮ ገባሁ። በስድስት አዲስ ዕቅድ ሠራሁ፤ ጨረሩ በዙሪያቸው እየዞረ ከየአቅጣጫው ጥቂት ጥቂት እንዲገባ አደረግኩት። ውጤቱ ከዐሥራ አምስቱ እምብዛም አያንስም ነበር። ከመጀመሪያውም ትንሽ ብደክም አገኘው ነበር፤ ያማረ ሥዕል ቶሎ ስላገኘሁ ነው የተውኩት። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

አለቃዬ ሲገባ ስለ ባትሪዋ ነገርኩት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልነግረው አፌን ስከፍት ቱግ አለ። «ሰውዬው ይህን ከደበቀን ሌላም ይደብቃል! ሙሉ ፋይሉ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ማሽኑ ላይ አላስተኛውም!»

ያ ፋይል ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ የጋሼ ካንሰር ደግሞ ወራት የሚታገሥ ዓይነት አልነበረም። ይህን ልለው ስል ጋሼና እትዬ በሩ ላይ ደረሱ። ጋሼ የአለቃዬን ፊትና ያበጠውን ዓይኔን አዩና ነገሩ ገባቸው፤ የገባቸው መሰላቸው ልበል። ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ አለቃዬ ራመድ አሉ፤ በአማርኛ ተናገሩ።

«እሷ በደንብ ጠይቃኛለች። ልብዎን አሞዎት ያውቃል ወይ፣ ሰውነትዎ ውስጥ የተቀበረ ነገር አለ ወይ ብላ አንድ በአንድ ጠይቃኛለች። የለም ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እባክዎ ልጄን አይቆጧት።»

ለቀልድ እንኳ የማይዋሹ ሰው ናቸው። ለእኔ ሲሉ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ዋሹ። ውሸታቸው ሕክምናቸውን እንደሚያስቀርባቸው ግን አያውቁም።

«አናሴማጄ?» አለኝ አለቃዬ፤ ምን እያሉ ነው ማለቱ ነው።

ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ። የሁለቱንም ቋንቋ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ።

«ደህና ነዎት ወይ ብላ ብቻ ነው የጠየቀችኝ እያሉ ነው» አልኩት። «ስለ ልቤ አልጠየቀችኝም፤ ፎርሙን በራሷ ነው የሞላችው እያሉ ነው።»

አለቃዬ ፎርሙን አነሣ። ከላይ እስከ ታች የተደረደረውን ምልክቴን አየ፤ እኔን አየ። «የአንቺን ነገር በኋላ እናየዋለን» አለኝ። ከመሳቢያው ባዶ ፎርም አውጥቶ ፊት ለፊቴ አስቀመጠ፤ ከዚያ ስልኩን አንሥቶ የልብ ሐኪሙ ጋ ደወለ፤ አንድ ሕመምተኛ አለን፣ በዚህ ሳምንት ልንጀምርለት እንፈልጋለን አለው።

ጋሼ ስልኩ ሲነሣ ፊታቸው በራ። ወደኔ ጎንበስ አሉና ክንዴን ጨበጥ አድርገው፣ አለቃዬ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «አየሽ ልጄ፣ አመነኝ» አሉኝ።