በጫማ ካርቶን ውስጥ የቀረው ሙዚቃ

የቴአትርና የፊልም ሙዚቃ ቅሪት እሰበስባለሁ። የመግቢያ ቲኬት፣ ፕሮግራም፣ ፖስተር፣ የሙዚቀኞች ፎቶግራፍ፣ ማንም የማያጫውተው ሸክላ። በስደት የምኖርባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አንድ ክፍል ቤቴ ከእኔ ይልቅ የካርቶኖቹ ናት። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ "ወረቀት ነው" እላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ነውና፣ ወረቀት የሚጣልበት ቤት ስገባ ዛሬም ጎንበስ ብዬ ከወለል አነሳለሁ።

ወረቀት ግን አይሰማም። ፕሮግራሙ ላይ "የሙዚቃ ድርሰት" ከሚለው ሥር የአንድ ሰው ስም ታትሞ ይገኛል፤ ሙዚቃው ምን ይመስል እንደነበር አይነግርም።

ከእነዚያ ስሞች የአንዱን ባለቤት በአካል ያገኘኋቸው በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ከእኔ ከተማ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ነው። መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቀበላሉ። ይዤ የሄድኩትን ፕሮግራም በመስኮቱ አቀበልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩትና፣ "የቫዮሊኑን ልጅ የአባት ስም ተሳስተው አትመውታል" አሉ። ከኋላዬ የቸኮለ ሹፌር ጡሩንባውን ነፋ።

"ይኸው፣ እዚህም ኦርኬስትራ አለኝ" አሉ በሩን እየከፈቱለት። "ጡሩንባ ብቻ ሆነብኝ እንጂ።"

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸው ጀመር። ከአገር ሲወጡ የሥራቸው ዋና ቅጂ በትልልቁ የቴፕ ክር፣ ይሠሩበት በነበረው ቴአትር ቤት ቀርቷል፤ ይዘው የወጡት በካሴት የተገለበጠውን ነው። አንድ ጊዜ ስሄድ ፊታቸው ልክ አልነበረም። አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ የድሮ ተዋናይ መርዶ አምጥቶላቸዋል፤ ክር ያጠራቸው ሰዎች በዋናው ቅጂ ላይ የስብሰባ ንግግር ቀድተውበታል።

"ግልባጩስ?" አልኳቸው።

"ግልባጩ ቤት አለ።"

"እንግዲያው ይስጡኝና በጥንቃቄ ላስቀዳው።"

"ሌላ ቀን።"

ሌላ ቀን ዓመታት ሆነ። ስስት መሰለኝ። የሠሩትን ነገር ከእጃቸው ለማውጣት የሚሳሱ ሰዎች አውቃለሁና አልፈረድኩባቸውም፤ መጠየቄንም ተውኩ። ከዚያ አንድ ክረምት፣ በረዶ በተጠረገ ማግስት፣ ሞቱ። ኖታው ሁሉ ቤታቸው ምድር ቤት ተቀምጦ ውሃ ገብቶበት እንደ ቂጣ ተጣብቆ እንደነበር ለቅሶው ላይ ሰማሁ። እንግዲህ የቀረው ካሴቱ ብቻ ነው ማለት ነው።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ቤቱን ልንለቅ ነው። ልጅቷ በርክ የሚሉት ሰፈር ነው ያለችው፣ እሷ ቤት ልትወስደኝ ነው። የእሱን ኮተት ነይ ውሰጂ። በነጻ ግን አይደለም።"

"ምን ልክፈል፣ እትዬ?"

"ልጅቷን አሰሚልኝ። አባቷን መኪና ሲያስቆም እንጂ ሙዚቃ ሲሠራ አታውቀውም። ስነግራት ላለማስቀየም ትስቃለች። እሱም አሰምቷት አያውቅም፤ ምን እንደያዘው እንጃ።"

ስደርስ ልጅቷ ሳሎኑን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ እየሞላች ነበር። እዚሁ ስደት አገር ያደገች፣ ነርስ ናት። እጥፋቱ ላይ የተበጣጠሰ ፖስተርና ጫፉ የተሰበረ የኦርኬስትራ መሪ ዱላ ለይታ አስቀምጣልኛለች።

"ኦንላይን ፈልጌዋለሁ፤ ምንም የለም" አለችኝ። "አንቺ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?"

"አንቱ በያት!" አሉ እናትየው ከመኝታ ቤት።

"ሶሪ። እርስዎ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?"

"አንድ ጊዜ፤ ልጅ ሆኜ፣ ከመጨረሻው ወንበር።"

"ኤንድ? እንዴት ነው?"

ስንት ዓመት ወረቀቱን ስደረድር የኖርኩ ሰው፣ ለአንዲት ልጅ የአባቷን ዜማ ላንጎራጉርላት እንኳ አልቻልኩም።

እናትየው ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶን አወጡ። በካሴቶቹ ላይ የየቴአትሩ ርእስ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ማጫወቻ ግን የለም፤ የእኔም ቤት ያለው ተበላሽቷል። ካሴት የሚያጫውተው የሟቹ አሮጌ መኪና ብቻ ነው፤ እሱንም ገዢው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስደዋል።

"የመኪና ቴፕ ክር ይበላል፣ እትዬ" አልኩ። "ሁለተኛ የማይገኝ ነገር ነው።"

"ይብላ! መሬት እሱን በልቶት የለ? ዛሬ ካልሰማች አትሰማም።"

ወርደን መኪናው ውስጥ ገባን። ልጅቷ መሪው ጋ፣ እናትየው ከጎኗ፣ እኔ ካርቶኑን ታቅፌ ከኋላ። የመጀመሪያውን ካሴት አቀበልኳት። ትንሽ ሹክሹክታ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ክላርኔት፣ ከሥሩ ክራር። እናትየው ወደ ልጃቸው ዞረው "ይኸው!" አሉ።

ቀጭ አለ።

"ጤና ይስጥልኝ እማዬ! እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን..."

"ማሚ?" አለች ልጅቷ። "ያንቺ ድምፅ ነው?"

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ያን ጊዜ የስልክ ዋጋ እሳት ነበር፤ ደብዳቤም ይዘገያል። "ነገ የሚሄድ ሰው አለ" ከተባለ ያገኙትን ካሴት አንስቶ ናፍቆትን መቅዳት ነው። አገር ቤት ያሉት ደግሞ መልሳቸውን በጀርባው ቀድተው፣ በሌላ መንገደኛ ይመልሱታል።

"ባዶ ሲጠፋ እሱ ራሱ ከዚህ ካርቶን ያወጣልኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "'አይዞሽ፣ ዋናው እዚያ አለ' ይለኛል።"

በእጄ ያሉትን ገልበጥ አድርጌ አየኋቸው። ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጠርዝ የምትሰበረው ጥርስ ከሁሉም ላይ ተሰብራለች፤ ቀዳዳው ላይ ደግሞ፣ እንደገና እንዲቀዳበት፣ የቁስል ፕላስተር በልክ ተቆርጦ ተለጥፏል። የእሳቸው እጅ ነው፤ እንደዚያ አስተካክሎ የሚቆርጥ ሌላ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። "ሌላ ቀን" ይሉኝ የነበረው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ጥቂት ሙዚቃ፤ ቀጭ። የላካችሁት በርበሬ ደርሷል። ጫማው ልኩ ሆነ ወይ? በአንደኛው ላይ "እስቲ ለአያትሽ ሰላም በያት" ይባላል፤ ሕፃን ይጮኻል። ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"እኔ ነኝ የተቀዳሁበት?"

እናትየው ካሴቱን ራሳቸው አወጡት።

የመጨረሻው ካሴት ብዙ አወራ። በመሃል ከሩቅ፣ ከሌላ ክፍል ይመስላል፣ የወንድ ድምፅ ገባ።

"በቃ፣ በቃ። እዚህ ጋ አቁሚው።"

"አክስቴን ገና ሰላም አላልኳትም እኮ!"

"በደብዳቤ ትያታለሽ። አቁሚው አልኩሽ።"

ቀጭ። ከቀጩ በኋላ ኦርኬስትራው ከዜማው መሃል ብድግ አለ። ቫዮሊኖቹ እየወጡ፣ ክራሩ ሳይቸኩል ከሥር እየተከተላቸው፣ አንድ ከበሮ እንደ ሩቅ እግር። ያ ነው፤ ከመጨረሻው ወንበር የሰማሁት። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛለች። ሰምቶ ለማፏጨት የሚበቃ ያህል እንኳ ሳይረዝም አለቀ፤ ወንበር ሲጥ አለ፣ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ፣ ክሩ ብቻውን ሄደ።

"መንገደኛው ቸኩሎበት መስሎኝ ነበር" አሉ እናትየው። "ተቆጥቼ እራት አብሬው አልበላሁም።"

"ይሄ ብቻ ነው?" አለች ልጅቷ፣ በመስታወቱ ወደ እኔ እያየች።

"ይሄ ብቻ ነው።"

መልሳ አጠነጠነችው፤ ሙዚቃው ከሚጀምርበት ትንሽ አሳልፋ። "በቃ፣ በቃ" አሉ አባቷ። እንደገና መለሰችው። ገዢው መጥቶ መስታወቱን ሲያንኳኳ ዞር ብላም አላየችው።

"ክፈቺለት" አሉ እናትየው። "ሰውየው በርዶታል።"

ካሴቱን አውጥታ ኮቷ ኪስ ከተተችው። ለእሱ ብዬ ማስቀመጫ ይዤ ነበር፤ አልጠየቅኋትም። የቀሩትን ለእናትየው ልመልስ ካርቶኑን ስዘረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

"በጀርባው እናቴ አለችበት። አልችለውም። አንቺ ዘንድ ይቀመጥ።"

በሜትሮ ባቡር ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ዛሬም ከፕሮግራሙ አጠገብ አለ። ርእሶቹ የቴአትር ናቸው፤ ውስጡ ሰላምታ ነው፤ ሰላም የተባሉት ሰዎች አብዛኞቹ የሉም።